አፏን የማትዘጋው ስፒከሬ፦ የአንድ ዓመት ሙዚቃ ከሴትዮዋ ጋር

ይህን ስፒከር ልግዛ ወይስ ልተው ለምትሉ፣ መጀመሪያ ስለ ሴትዮዋ ላውራ። ባትሪው፣ ቤዙ፣ ምናምኑ በኋላ ይደርሳል። ሴትዮዋን ያልሰማ ሰው ስፒከሩን አላየውም።

ሴትዮዋ የምትኖረው ስፒከሩ ውስጥ ነው። ሲበራ «ፓወር ኦን» ትላለች። ስልክ ሲገናኝ «ብሉቱዝ ኮኔክትድ» ትላለች። ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ጓሮ ብቅ ካላችሁ «ብሉቱዝ ዲስኮኔክትድ» ብላ ለቤተሰቡ ሁሉ ታሳብቃለች። ሚሞሪ ሲገባባት ታውጃለች፤ ሬዲዮ ሲከፈትባት ታውጃለች። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ርካሽ ስፒከር ሁሉ ይለፈልፋል፤ ለምደነዋል። የእኔዋን የሚለያት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቮልዩም የሚባል ነገር አታውቅም። ዘፈኑን የቱንም ያህል ዝቅ አድርጉት፣ እሷ የምትናገረው በራሷ ልክ ነው። ልኳም ጣራ ነው። ሁለተኛ፣ ባትሪዋ ሲደክም ዝም ብላ አትደክምም። «ባተሪ ሎው፣ ፕሊስ ቻርጅ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ትደግመዋለች። አሁንም ትደግመዋለች። ባትሪው ጥርግ ብሎ እስኪያልቅ ድረስ እንደ አበዳሪ ትመላለሳለች።

የገዛሁት በመስከረም 2017 ነው። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ 2,800 ብር። ስሙን አልጽፍም። ብጽፈውም አይጠቅማችሁም፤ ያንኑ ዕቃ ሌላ ሱቅ ውስጥ ሌላ ስም ተለጥፎበት አይቼዋለሁ። ሻጩ አፈ ቅቤ ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ቤዙን ስማው!» ብሎ አንድ የሚደበድብ ዘፈን ለቀቀ። የሱቁ መስታወት ተርገፈገፈ። ልቤም አብሮ ተርገፈገፈ፤ ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ልጅ በሐሳቤ ስንቴ ተሟግቼዋለሁ!

«ወንድሜ፣ ቤዙን ስማው» ይለኛል።

«ቤዙን ሰማሁት። እስቲ ክራር ልቀቅበት» እለዋለሁ።

«ክራር ሚሞሪው ላይ የለም።»

«እሺ፣ ባትሪው እስኪደክም እዚህ ቁጭ ብለን እንጠብቅ።»

እዚህ ላይ ዝም ይላል። በሐሳቤ ሁልጊዜ የምረታው እኔ ነኝ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ላስረዳ። መብራት ባለበት ሰዓት እኛ ቤት ሙዚቃ የሚሰማ የለም። ልጆቹ ካርቱን አላቸው። እማዬ ድራማ አላት። እኔም ስልኬ ላይ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ግን ቤቱ ሌላ ይሆናል። የደሴ ብርድ የታወቀ ነው፤ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሁሉም ሳሎን ይሰበሰባል። «በል እስቲ አንድ ነገር ክፈትልን» ይባላል። ያኔ ተራው የስፒከሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ጥሩውን የሰማነው በጨለማ ነው ማለት ይቻላል። መብራት ከሌለ ደግሞ ቻርጅ የለም። ስለዚህ ሴትዮዋ የምትመጣው ሁልጊዜ ሙዚቃው በጣም በሚጥምበት ሰዓት ነው። ቀን በቴሌቪዥን ጫጫታ መሃል ብትለፈልፍ ማን ይሰማታል? አትለፈልፍም። ቀን ባትሪዋ ሙሉ ነው።

የዓመቱን ምርጥ ሙዚቃዬን ስጽፍ እሷንም አብሬ ካልጻፍኩ ውሸት ይሆናል። እንግዲህ እንዲህ ነበር።

የበጋው ግኝቴ ሃይሉ መርጊያ ነው። ዋልያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወት እንደነበር አውቃለሁ። ያላወቅኩት አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1985፣ ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው የሰራውን ካሴት ነበር። አኮርዲዮን አለው፤ ሲንተሳይዘር አለው፤ ከበሮው ማሽን ነው። የድሮ ዜማችንን በአኮርዲዮን እያለሳለሰ ይዞት ይሄዳል። ያ ካሴት ተረስቶ ኖሮ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ሃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ኤርፖርት ላይ ተራ እየጠበቀ፣ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ኪቦርዱ የሚሰራው በባትሪ ነው። ይህን ሳነብ ቅናት ያዘኝ። የእሱ ባትሪ ሲደክም ማንም አይጮህበትም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ካሴት ለዚህ ስፒከር ልክ ነው። የማሽኑ ከበሮ ዱም ዱም ሲል ቤዙ ይቀበለዋል፤ አኮርዲዮኑ ደግሞ ከላይ ንጥር ብሎ ይወጣል። ሴትዮዋ እንኳ ብትገባ ያን ያህል አትጎዳም። ሙዚቃው ክፍተት የለውም፤ ተንከባሎ ያልፋታል።

ጥር ሲገባ ማህሙድ አህመድ አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርት እንዳለው ተሰማ። እኔ መሄድ አልቻልኩም። ሥራ አለ፣ መንገድ አለ፣ የቲኬት ዋጋ አለ። ስለዚህ ወሩን ሙሉ ማህሙድን ቤት ውስጥ ሰማሁት። መርካቶ ተወልዶ ጫማ ጠርጎ ያደገ ልጅ ነው። አሪዞና ክለብ በጉልበት ሥራ ተቀጥሮ ሲሰራ፣ አንድ ምሽት የክቡር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ይቀራል። እሱ «እኔ ልዝፈን» ብሎ መድረክ ወጣ፤ በቃ። ይህን ታሪክ ለእማዬ ነገርኳት። «ያ የቀረው ዘፋኝ ምን ነካው ይሆን?» አለችኝ። እኔ ስለ ማህሙድ አወራላታለሁ፣ እሷ ለቀረው ሰውዬ ታዝናለች። የወሎ እናት!

ማህሙድ የሚታወቀው ትንፋሹን ይዞ ድምፁን ሲያርገበግብ ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ሁላችንም ጸጥ ብለን፣ እሱ አንዲት ቃል ላይ ወጥቶ ሲያንቀጠቅጣት «ባተሪ ሎው»። እማዬ ስኒውን አስቀመጠች። «ይቺ ሴትዮ ማህሙድንም አታከብርም?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስሟ «ሴትዮዋ» ሆኖ ቀረ።

ወደ ቤታችን ሙዚቃ ስመጣ ነገሩ ይከፋል።

የማሪቱ ለገሰን አምባሰል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ወሎ ተወልዶ ያልሰማት ማን አለ? ግን እየሰሙ ማደግና ቁጭ ብሎ መስማት ለየቅል ነው። ዘንድሮ ቁጭ ብዬ ሰማኋት። አጎቴ የድሮ ካሴቶቹን አስገልብጦ ሚሞሪ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ እሱን ሰጠኝ። የካሴቱ ሹሹታ ሳይቀር አለበት። አንዱ ላይ መሃል ላይ የሆነ ሰው ያስነጥሳል። ካሴቱ ከሌላ ቴፕ ፊት ለፊት ተቀምጦ በማይክ የተቀዳ መሆን አለበት። ያቺን ንጥሻ አሁን በቃሌ አውቃታለሁ፤ ከመድረሷ በፊት እጠብቃታለሁ።

አምባሰል በሚባለው ቅኝት ላይ ከመነሻው ድምፅ ቀጥላ ያለችው ድምፅ የምትርቀው በግማሽ እርምጃ ብቻ ነው። አንጀት የምትበላው እሷ ጠባብ ቦታ ናት። ማሪቱ እዚያ ስትደርስ አትቸኩልም። ይዛት ትቆያለች፣ ትንሽ ትነቀንቃታለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መነሻዋ ታወርዳታለች። መሰንቆው ተከትሎ ያንኑ ይደግመዋል። በመሃሉ አንዲት ትንሽ ዝምታ አለች። ሙዚቃው ያለው እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ሴትዮዋም ያለችው እዚያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከመናገሯ በፊት «ዲንግ» የምትል ደወል ታሰማለች። ክራር የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። አንድ ቀን ይቺን «ዲንግ» አብሮ ለመጫወት ክራሩን ትዝታም ቃኘው፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም። አልገጠመችም። «ይቺ ከአራቱም ውጪ ናት» ብሎ ክራሩን አስቀመጠ።

ይሄ ለደሴ ሰው ትንሽ ስድብ ነው። ከከተማችን ወደ ሰሜን ስትወጡ አምባሰል አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ ባቲ አለ፤ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቀው ባቲ። አገሩ ሁሉ የሚዘፍንባቸው ሁለት ቅኝቶች የጎረቤቶቻችንን ስም ይዘው ነው የሚዞሩት። እዚህ መሃል ቁጭ ብሎ በባትሪ ማስጠንቀቂያ መቋረጥ ያማል።

የዓመቱ ትልቁ ሙዚቃ ግን ጾም ላይ ነበር። በ2017 ዓቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ ሆነ። እኛና ጎረቤታችን ጋሼ አጥራችን አንድ ነው። እሳቸው ማታ ከአፍጥር በኋላ መንዙማ ይከፍታሉ። እኛ በገና እንከፍታለን። ማንም ማንንም ቀንስ አይልም። መንዙማው ጋብ ሲል የእኛ ይሰማል፤ የእኛ ሲያልቅ የእሳቸው ይሰማል። ተነጋግረንበት አይደለም፤ እንዲያው ነው።

በገናውን የምሰማው የዓለሙ አጋን ነው። እዚህ ላይ ስፒከሩን ላመስግነው። በገና አስር አውታር አለው። አውታሮቹ ከሥር ባለው መደገፊያ ላይ በሚያርፉበት ቦታ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዝራ ይሏታል። አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካ ይንዘረዘራል። ያ በገና ሲባል የምናውቀው ዝዝ የሚል ድምፅ ከእሷ ነው የሚመጣው። በስልክ ስትሰሙት ዝዝታው ብቻ ነው የሚደርሳችሁ፤ ሆዱ የለም። በዚህ ስፒከር ግን ወፍራሙ ድምፅ ከነሆዱ መጣ። ጠረጴዛው ላይ እጄን አስቀምጬ በመዳፌ ሰማሁት። ሻጩ ሆይ፣ «ቤዙን ስማው» ስትለኝ ያን ድብደባ ትተህ ይህን አሰምተኸኝ ቢሆን ኖሮ ሳልከራከር 3,500 እከፍልህ ነበር!

እና አንድ ማታ መብራት የለም። ከአጥሩ ወዲያ ድቤው ቆሟል። ጋሼም እየሰሙን ነበር መሰለኝ፣ የሚያወራ ሰው የለም። በገናው ብቻውን ነው። ዓለሙ አንዱን ስንኝ ጨርሶ፣ አውታሩ ገና እየተንዘረዘረ፦

«ዲንግ። ባተሪ ሎው፣ ፕሊስ ቻርጅ።»

ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ናቸው። «ኧረ ልጄ፣ አብሏት! እሷም ጾመኛ ናት እንዴ?»

እማዬ ከውስጥ ተቀበለቻቸው። «የኛዋማ አትጾም፣ አትጸልይ! መጮህ ብቻ ነው ሥራዋ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ተናድጄ ነው የሳቅኩት። በገና ላይ ሳቅ! ስፒከሩን አጥፍቼ ተኛሁ። ሳጠፋውም «ፓወር ኦፍ» አለችኝ።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ግን በኪሎ ሜትር አይቆጥረውም፣ በመጠምዘዣ ነው። ከደሴ ጃኬት ለብሰህ ትነሳለህ፤ ኮምቦልቻ ጃኬቱን ክንድህ ላይ አድርገህ ትወርዳለህ። አንድ የክረምት ጠዋት ሐረጎ በጉም ተሸፍኗል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ መስታወቱን በጨርቅ እየወለወለ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የከፈተው የአስናቀች ወርቁን ክራር ነበር። ከኋላ ያሉት ስፒከሮች አንዱ ተቀዷል። ድምፁ የጠራ አይደለም። ግን ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። አስናቀች ስትዘፍን የምታወራ ነው የምትመስለው፤ ክራሯን ትመታና አንድ ነገር ትልሃለች፣ ደግሞ ትመታለች። ከጉሙ ወጥተን የኮምቦልቻ ሜዳ ከታች ወለል ብሎ እስኪታይ ድረስ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

ስንወርድ ሾፌሩን «ይሄ ቴፕህ ባተሪ ሎው አይልም?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ይሄማ የመኪናው ባትሪ ነው። ሲያልቅ የምንቆመው እኛ ነን» አለኝ።

የዓመቱ ምርጥ ጊዜዬ ይህ ነው ብል በራሴ ስፒከር የሰማሁት አልሆነም። ያናድዳል። 2,800 ብር ከፍዬ፣ ምርጡን በተቀደደ ስፒከር በሚኒባስ ሰማሁት።

በዚያው ክረምት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ውስጥ ገባሁ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በኋላ መንኩሰው፣ ብዙ ዘመናቸውን ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ የኖሩ እናት ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 እዚያው አረፉ፤ 99 ዓመታቸው ነበር። ፒያኖ ብቻ ነው። ዘፈን የለም፣ ከበሮ የለም። ግራ እጃቸው ዝም ብሎ ይራመዳል፤ ቀኝ እጃቸው የፈለገው ቦታ ቆም ይላል፣ ያስባል፣ ይቀጥላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ምንም አይሰማም። ጋብ ሲል ነው የሚሰማው። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ መብራት ይሄዳል። አያችሁ ሰንሰለቱን? ዝናቡ ጋብ አለ፣ መብራቱ የለም፣ እማሆይ ቆም አሉ፣ ሴትዮዋ ገባች። ሁልጊዜ በዚሁ ተራ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጠጋኝ የሄድኩት።

ጠጋኙ ሞባይልም፣ ሬዲዮም፣ ፓወር ባንክም የሚሰራ ልጅ ነው። ከኋላ ያሉትን አራት ብሎኖች ፈታ። ውስጡን ሳየው ደነገጥኩ፤ ባዶ ነው። አንዲት የአውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ቦርድ፣ ሁለት ስፒከር፣ ሰማያዊ ላስቲክ የለበሰች አንዲት ክብ ባትሪ። በቃ። ከባትሪዋ ጎን ደግሞ ልክ እሷን የሚያህል ባዶ ጎድጓዳ አለ። «ፋብሪካው ለሁለት ባትሪ ቦታ ሰርቶ አንድ ነው የከተተበት» አለኝ ልጁ። ካርቶኑ ላይ ያለው የባትሪ ቁጥር የሁለት ነው። ሻጬን እዚያው በሐሳቤ ጠራሁት። አልመጣም።

«ሴትዮዋን ማጥፋት ይቻላል?» አልኩት።

«ድምጿ ቺፑ ውስጥ ነው የተጫነው። የሚቆረጥ ሽቦ የላትም። እሷን ማባረር ከፈለግክ ቦርዱን መቀየር ነው፤ አዲሱ ቦርድም የራሱ ሴትዮ አለችው» አለኝ።

«እንግዲያስ?»

«ባዶው ቦታ ላይ ሁለተኛ ባትሪ ልጨምርልህ። ቶሎ አይደክምም፤ እሷም ቶሎ አትመጣም።»

ልጁ በደንብ ሰራው፤ ብየዳው ንጹህ ነው፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው። እውነትም ቶሎ አትመጣም። ድሮ ማታ እራት ሳይቀርብ የምትጀምረው ሴትዮ አሁን ሁላችንም ልንተኛ ስንል ነው የምትመጣው። ግን አንድ ነገር አለ። ይቺ የምትናገረው የባትሪው ቮልቴጅ ከሆነ ልክ በታች ሲወርድ ነው፤ ባትሪው እስኪያልቅ ትቀጥላለች። ባትሪው ሁለት ሲሆን ከዚያ ልክ በታች የሚቀረው ኃይልም እጥፍ ሆነ። ስለዚህ አንዴ ከጀመረች የምትለፈልፍበት ጊዜም እጥፍ ሆነ! ተመልሼ ሄጄ ለልጁ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ትክክል ነው» አለ። ሌላ ምን ይበል?

አሁን ያለኝ ዘዴ ፓወር ባንክ ነው። ፓወር ባንክ ሰክቼበት ስሰማ ቻርጅ ላይ ያለ ስለሚመስላት ዝም ትላለች። ማለትም ስፒከሩን ዝም ለማሰኘት ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሲዘፍን ቀጭን ሲታ፣ ሲ የሚል ድምፅ፣ ያሰማል። ዘፈን ሲሆን አይታወቅም። የእማሆይ ፒያኖ ላይ ግን ይሰማል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሲታው ወይ ሴትዮዋ። እኔ ሲታውን መርጫለሁ። ቢያንስ እንግሊዝኛ አይናገርም።

የቀረውን በአጭሩ። ድምፁ ለዋጋው ጥሩ ነው። ከመደርደሪያ ወድቆ አልተሰበረም። ሬዲዮው የሚይዘው የቻርጅ ገመዱ ሲሰካ ነው፤ ገመዱ አንቴናም ነው፣ ለመስኮቱ ጠጋ አድርጉት። አለቀ።

አንድ የወደድኩለት ጠባይ ግን አለ፤ ሳልጠብቀው ነው የመጣው። ሚሞሪ ላይ ያለውን ዘፈን በፊደል ተራ አያጫውትም። የተገለበጠበትን ተራ ነው የሚከተለው። አጎቴ ካሴቶቹን ያስገለበጠው እጁ እንዳነሳ ነው፤ ምንም ሥርዓት የለውም። ስለዚህ ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ሽለላውን ለቆት ሲያበቃ፣ ቀጥሎ መንዙማ ይመጣል። ከመንዙማው ቀጥሎ የሠርግ ዘፈን። ከሠርጉ ቀጥሎ አንድ ሰው ካሴቱ ላይ ለውጭ አገር ዘመዱ የቀዳው ሰላምታ፦ «እንደምን አላችሁ፣ እኛ ደህና ነን፣ ላሟ ወልዳለች»። ማን እንደሆነ አጎቴም አያውቀውም። ከዚያ ማሪቱ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ምን ያህል ቢራቀቅ ይህን ተራ አያመጣውም። ሚሞሪውን አስተካክልልህ ያለኝ የአጎቴ ልጅ ነበር። እጁን ያዝኩት።

ታዲያ ልግዛው ወይስ አልግዛው?

ዛሬ መብራት አለ። ስለዚህ ዛሬ አሪፍ ስፒከር ነው። ትናንት ማታ ብትጠይቁኝ ኖሮ ከሐረጎ ገደል ወርውሩት እላችሁ ነበር። ጭፈራ የምትወዱ፣ ሙዚቃችሁ ክፍተት የሌለው ከሆነ ግዙት፤ ሴትዮዋን ከነመኖሯም አትሰሟትም። መሰንቆና ክራር፣ በገናና ፒያኖ የምትሰሙ ከሆነ ግን ፓወር ባንኩንም አብራችሁ ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። ሁለተኛ ባትሪ ማስገባት የሚፈልግ ካለ ጎድጓዳው አለ፤ ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፣ ልፍለፋዋም እጥፍ ይሆናል።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ ቤዙን ስሙ ሲላችሁ ስሙለት። ልፋቱን አታስቀሩበት። ከዚያ ቮልዩሙን እስከ ታች ቀንሱና አጥፍታችሁ አብሩት። «ፓወር ኦን» ስትል ሻጩ ራሱ ከደነገጠ፣ የኔዋ እህት ናት። ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር ቀላል ነው፤ ከ2,000 አትጀምሩ፣ ከዚያ በታች ጀምሩ።